ባለ ሦስት እግሩ ፈረስና የተዘጋው በር

ስፒል ፍለጋ የጽሕፈት መሣሪያ መደብሩ ታችኛው መደርደሪያ ሥር እንዳጎነበስኩ፣ ከፊት ለፊቴ አንድ የተወለወለ ጥቁር ጫማ መጥቶ ቆመ። ቀና ማለት ሳያስፈልገኝ ባለቤቱን ዐወቅኋቸው። ዝናብ ዘንቦ ባባራ ቁጥር መንገዱ ሁሉ ጭቃ ሲሆን ጭቃ የማይነካው ጫማ ያላቸው ሰው አንድ ብቻ ናቸው፤ እሳቸውም የማኅበራችን ሊቀ መንበር ናቸው። ጡረታ የወጡ ቀያሽ ሲሆኑ፣ ዕድሜያቸውን መሬት ሲለኩ ስለኖሩ ዛሬም ሲራመዱ እርምጃቸውን የሚቆጥሩ ይመስላሉ። ፊት ለፊት «ጋሼ» እንላቸዋለን። ዞር ሲሉ ግን ስማቸው ጋሽ ጓንት ነው፤ ክረምት ከበጋ ነጭ የጥጥ ጓንት ከእጃቸው አይለይማ።

«መምህር፣ አንተም ለቅዳሜ ነው?» አሉኝ።

ለቅዳሜ ነው አልኳቸው። እሳቸው ደግሞ ለበሩ ማስታወቂያ የሚሆን ካርቶን ሊገዙ መምጣታቸውን ነገሩኝ፤ አሮጌውን አይጥ በልቶታል። ማስታወቂያው ምን እንደሚል አልጠየቅኋቸውም። አሥራ ሰባት ዓመት የማኅበሩ ጸሐፊ ስሆን በየዓመቱ በሩ ላይ የምሰቅለው እኔው ነኝና «ከአባላት በስተቀር መግባት ክልክል ነው» የሚለውን ጽሑፍ ከስሜ በላይ ዐውቀዋለሁ።

ምን ዓይነት ማኅበር እንደሆነ ለአንባቢ መንገር አለብኝ፤ እስከዚያ ዓመት ድረስ ከአሥራ ሁለታችን በስተቀር መኖሩን የሚያውቅ ሰው አልነበረምና። የክብሪት ቀፎ ሰብሳቢዎች ነን። ሌላው ሰው ክብሪቱን ጭሮ ቀፎውን ይጥላል፤ እኛ ክብሪቱን ለጎረቤት ሰጥተን ቀፎውን እናስቀምጣለን። በቀፎው ላይ መርከብ፣ ወፍ፣ መብራት የያዘች ሴት፣ ብስክሌት የሚነዳ ድመት ታትሞ እናገኛለን። በዓመት አንድ ቅዳሜ ከጤና ጣቢያው አጠገብ ያለውን አዳራሽ ተከራይተን የሰበሰብነውን ጠረጴዛ ላይ እንዘረጋና እርስ በርሳችን እንጎበኛኛለን።

በዚህ ማኅበር ለድምፅ እጅ ማውጣት የለም። እያንዳንዱ አባል አንድ አንድ የክብሪት እንጨት ይታደላል። የተስማማ ሙሉውን፣ ያልተስማማ ሰብሮ አንድ አሮጌ ጣሳ ውስጥ ይጥላል። ከጣሳው አንድ ስባሪ ከወጣ ሐሳቡ ወደቀ ማለት ነው። «ዐውደ ርእያችን ለሕዝብ ይከፈት» የሚለው ሐሳብ ስድስት ዓመት በተከታታይ ቀርቦ ስድስቱንም ዓመት በአንድ ስባሪ ወድቋል። ድምፁ ምስጢር ነው ይባላል እንጂ፣ በጓንት ውስጥ የሚሰበር እንጨት ድምፁ የታፈነ ስለሆነ ማን እንደሰበረ የማያውቅ አልነበረም።

እንግዲህ እኔና ሊቀ መንበሩ ስለ ስፒልና ስለ ካርቶን ስንጫወት፣ አዲሷ አባላችን ገባች። የጤና ጣቢያው የላቦራቶሪ ባለሙያ ናት። አባቷ ሰዓት ሠሪ ነበር፤ በማኅበራችን ሃያ ስምንት ዓመት አባል ሆኖ ባለፈው ዓመት ዐረፈ። ከአራት ወር በፊት መጥታ በእሱ ቦታ እንድትገባ ጠየቀች፤ ባዶ ወንበሩን ማየት ለሁላችንም ከብዶን ነበርና ያለ አንድ ስባሪ ተቀበልናት።

ሰላምታ ከሰጠችን በኋላ አንገቷን ደፋ አድርጋ፣ «ጋሼ፣ ነገ ድምፅ ከመስጠታችን በፊት አንድ ነገር ልጠይቅዎት?» አለች።

«ጠይቂ ልጄ፤ መጠየቅ ክልክል አይደለም።»

«ዐውደ ርእይ ስንል ማሳየት ማለት ነው። ለማን ነው የምናሳየው?»

«ለሚያውቅ ሰው።»

«የሚያውቀውማ አይቶታል። አሥራ ሁለታችንም የአንዳችንን ቀፎ አንዳችን በቃላችን እናውቀዋለን። አባቴ ባለፈው ዐውደ ርእይ ማግስት ማስታወሻው ላይ ምን ብሎ እንደጻፈ ልንገርዎት? ‹አዲስ ነገር አላየሁም፤ ሻዩ ጥሩ ነበር› ነው ያለው።»

ባለመደብሩ ከጠረጴዛው ጀርባ ሳቁ አመለጠው። ሆዱ ሰፊ፣ ጆሮው ከሆዱ የሰፋ ሰው ነው። ነገሩ እንደጣመው ያስታወቀው አግዳሚ ወንበር ስቦ እንድንቀመጥ በመጋበዙ ነው። እኔም እውነቱን ልናገር፣ ሻዩን ያፈላሁት እኔ ስለነበርኩ ሟቹን በልቤ አመሰገንኩት።

ሊቀ መንበሩ ተቀመጡና ጓንታቸውን እያስተካከሉ ያለ ቁጣ ምክንያታቸውን ይዘረዝሩ ጀመር። የሰው ጣት ቅባት አለው፣ ቅባት የቀፎውን ቀለም ይበላል፣ አርባ ዓመት የተጠበቀ ነገር በአንድ ቅዳሜ ይበላሻል አሉ። እሷም በጥሞና ሰማቻቸው። ቀጥላም በሥራዋ የብዙ ሰው ደም በየቀኑ በእጇ እንደሚያልፍ፣ ነገር ግን በሁለት ቀጫጭን መስታወቶች መካከል ስለሚቀመጥ እሷም ደሙን እንደማትነካው፣ ደሙም እሷን እንደማይነካት አስረዳች። ጠረጴዛው ላይ መስታወት ብንዘረጋ የማንም ጣት ቀፎ አይደርስበትም አለች። ባለመደብሩ ወዲያው ጣልቃ ገብቶ ከአሮጌ መደርደሪያዎቹ የወለቁ ስምንት መስታወቶች እንዳሉትና በነጻ እንደሚያውሰን ተናገረ።

«መስታወቱስ ይሁን፤ ለአባላትም ይበጃል» አሉ ሊቀ መንበሩ። «ሌባውንስ ምን ታደርጊዋለሽ?»

«ጋሼ፣ ሌባ ባዶ የክብሪት ቀፎ ሰርቆ ለማን ይሸጠዋል? በዚህ ዓለም ላይ የሚገዙት አሥራ ሁለት ሰዎች ናቸው። አሥራ ሁለቱም አዳራሹ ውስጥ ናቸው።»

በዚህ ጊዜ እኔም መሳቄን መደበቅ አልቻልኩም። ሊቀ መንበሩ ግን ፊታቸውን አጠቆሩና፣ ሕዝቡ የዚህ ነገር ዋጋ እንደማይገባው፣ ለማይገባው ሰው ማሳየት ውሃ እንደመውቀጥ መሆኑን ተናግረው ሊነሡ አሉ። ያን ጊዜ ልጅቷ የያዘችውን ቦርሳ መሬት አስቀመጠች።

«አባቴ እንዳረፈ ቤቱን ያጸዳሁት እኔ ነኝ» አለች። «ከአልጋው ሥር አሥራ አንድ ካርቶን አገኘሁ። ስከፍተው ባዶ የክብሪት ቀፎ ነው። አባቴ በስተርጅና አእምሮው ተነክቶ ነበር ብዬ አለቀስኩ። አፈርኩለትም። ሰው ሳያይበት ብዬ በማግስቱ ለቆሻሻ መኪናው ሰጠሁት።»

ባለመደብሩ እጁን አፉ ላይ ጫነ።

«ማስታወሻውን ያገኘሁት ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። እያንዳንዱን ቀፎ የትና መቼ እንዳገኘው ጽፎታል። ዘጠነኛው ካርቶን ውስጥ እኔ የተወለድኩ ቀን ከሆስፒታሉ ደጃፍ ያነሣው ነበረ። ወፍ አለበት ይላል። እኔ ክፉ ልጅ ሆኜ አልጣልኩትም ጋሼ፤ አላየሁትማ። አባል ስላልሆንኩ ውስጥ ምን እንዳለ ሳላውቅ በየዓመቱ እስከ አዳራሹ በር ሸኝቼው እመለስ ነበር። በሩ ላይ ያለውን ጽሑፍ ዛሬም በቃሌ እወጣዋለሁ።»

ያላዩት አገር አይናፍቅም የሚባለውን ብሂል ስንት ዓመት ለተማሪዎቼ አስተምሬዋለሁ፤ ትርጉሙ የገባኝ ግን ያን ዕለት ነው። ጽሑፉን የሰቀልኩት በእነዚህ በገዛ እጆቼ ነበር። ሊቀ መንበሩ «እግዜር ያጽናሽ ልጄ» ብለው ተነሡና፣ ጃንጥላቸውን ይዘው ወጡ። ካርቶኑን ግን ሳይገዙት ረሱት። ያ ካርቶን መረሳቱን አንባቢ ልብ ይበልልኝ፤ የነገሩ ሁሉ መዘዝ የመጣው ከእሱ ነው።

በማግስቱ ዓርብ ድምፅ ሰጠን። ጣሳውን ገልብጬ ስቆጥር አሥራ አንድ ሙሉና አንድ ስባሪ ሆነ። ልጅቷ አንገቷን ደፍታ መስታወቶቹን ማጽዳት ጀመረች። እኔ ግን ነገሩ ከነከነኝ። ሰውየው ክፉ አይደሉም፤ ሰዓት ሠሪው ሲታመም በየሳምንቱ ይጠይቁት የነበሩ ሰው ናቸው። ስለዚህ ወደ ቤት ስንመለስ ከጎናቸው እየተራመድኩ፣ ጨው ለራስህ ብለህ ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነህ ብለው ይጥሉሃል የሚለውን አንሥቼ ነገር ጀመርኩ። የእርስዎስ ስብስብ ነገ ከነገ ወዲያ ማን እጅ ይገባል አልኳቸው። ልጅ የላቸውም፤ ሚስታቸውም ካረፉ ሰባት ዓመት ሆኗቸዋል።

ከአንድ የተዘጋ ዳቦ ቤት ደጃፍ ላይ ቆሙ።

«ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር» አሉ። «ቀያሽ ነኝ፣ ሱፍ እለብሳለሁ፣ ሰው ያከብረኛል። ግን መንገድ ላይ ቀፎ ካየሁ ጎንበስ ማለት አልተውም። የሠርጌ ዕለት የባለቤቴ ወንድም በስጦታ ወረቀት የተጠቀለለ ትልቅ ካርቶን አመጣና ሰው ሁሉ እያየ ክፈተው አለኝ። ከፈትኩት። ከየጎዳናው የተለቀመ፣ ጭቃ የነካው ቀፎ ሞልቶበታል። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ባለቤቴም ሳቀች። ነፍሷን ይማር፣ ደግ ሴት ነበረች፤ ግን ሳቀች።»

«ከዚያስ? ቀፎዎቹን ምን አደረጓቸው?» ብዬ ጠየቅሁ።

ሊቀ መንበሩ ወዲያ ወዲህ አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «በማግስቱ አጥቤ ለየኋቸው። አሥራ አራቱ እኔ ዘንድ ያልነበሩ ናቸው» አሉኝ።

ይህን ሲሉ ከንፈራቸው ጫፍ ላይ ፈገግታ ያየሁ መሰለኝ፤ ወዲያው ግን ጠፋ። ከዚያ ቀን ወዲህ በሕዝብ ፊት ቀፎ አውጥተው እንደማያውቁና እንደማያወጡም ነግረውኝ ጓንታቸውን ሳብ ሳብ አድርገው መንገዳቸውን ቀጠሉ። እኔም ስድስት ዓመት ሙሉ ስለ ጣት ቅባት የተከራከርነው ለካ ስለ ጣት ቅባት አልነበረም እያልኩ ቤቴ ገባሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ማልደን አዳራሹን አሰናዳን። ጠረጴዛዎቹን ደረደርን፤ ልጅቷም መስታወቶቹን በየጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። መካከለኛው ጠረጴዛ እንደ ወትሮው የሊቀ መንበሩ ነው፤ በእሱም መካከል የማኅበራችን ዕንቁ ተቀመጠ። ከብዙ ዓመት በፊት የተዘጋ ፋብሪካ የሠራው፣ የሚጋልብ ፈረስ የታተመበት ቀፎ ነው። እንደዚህ ያለ ፈረስ ብዙ አለ። የዚህኛው ግን እግሩ ሦስት ነው። በውስጡም ተጭረው የማያውቁ ሦስት የክብሪት እንጨቶች አሉ፤ ጋሽ ጓንት ግን ለማንም ከፍተው አሳይተው አያውቁም። ስለዚህ ፈረስ ማኅበራችን ለሁለት ተከፍሎ ኖሯል። ሊቀ መንበሩ፣ አራተኛው እግር በዝላይ ታጥፎ ከኋላ ተሸሽጓል፣ ቀፎውም ለፋብሪካው የምሥረታ በዓል የወጣ ልዩ እትም ነው የሚሉ ሲሆን፣ ይህንኑ በዘጠኝ ገጽ ጽሑፍ አረጋግጠዋል። ሌሎቹ ደግሞ ሠዓሊው ረስቶት ነው ይላሉ። ታጣፊዎችና ረሺዎች በአንድ ጠረጴዛ ሻይ አይጠጡም ነበር።

በሩን ልዘጋ ስሄድ ማስታወቂያ የምጽፍበት ካርቶን አለመኖሩ ትዝ አለኝ። ቁም ሣጥኑን ስፈትሽ፣ ከእኛ በፊት አዳራሹን ይከራይ የነበረው የልብስ ስፌት ትምህርት ቤት ትቶት የሄደ አንድ ትልቅ ካርቶን አገኘሁ። ሰብሳቢ ደግሞ ካርቶን አይጥልም። በጀርባው የተለመደውን ጽሑፍ በወፍራሙ ጻፍኩና የመስታወቱ በር ላይ ሰቀልኩት። በልማዳችን ሊቀ መንበሩ ከወንበራቸው ሆነው ጽሑፉ መስተካከሉን ይመለከታሉ፤ ቀያሽ ናቸውና። «ቀኙ ዝቅ ብሏል፣ ከፍ አድርገው» ይሉኛል፤ ከፍ አደርገዋለሁ። «ግራውን ትንሽ»፤ ግራውን ትንሽ። በመጨረሻ «አሁን ቀጥ አለ» ብለው አጸደቁት። ከውስጥ ሆነው በሚገባ አነበቡት ማለት ነው። አሮጌው ማስታወቂያ በሁለቱም ገጽ የተጻፈ ስለነበር፣ ወደ ውጭ የዞረው ገጽ ምን እንደሚል ለማሰብ ለሁለታችንም አልታየንም።

ያን ቀን ጤና ጣቢያው ሕፃናትን የሚከትብበት ቀን ነበር። ሰልፉ ግቢውን ሞልቶ እስከ እኛ በር ደርሷል። አራት ሰዓት ላይ ዶፍ ወረደ። ወዲያውኑ በራችን ተከፈተና ሕፃን ያዘለች ሴት ገባች። ከእሷ ኋላ ሁለት ልጆች የያዘ የአውቶቡስ ሹፌር፣ ከዚያ አንዲት ነፍሰ ጡር፣ ከዚያ ሌሎች። ቆጥሬ ሳልጨርስ አዳራሹ ሞላ። አሥራ አንዳችን እንደ ሐውልት ደርቀን ቀረን፤ ልጅቷ ብቻ ወንበር ታቀርብ ጀመር።

ሊቀ መንበሩ ተነሡ። በትሕትና እጅ ነሥተው፣ «ይቅርታ አድርጉልኝና፣ በሩ ላይ ያለውን ጽሑፍ አላነበባችሁትም?» አሉ።

«አንብበን ነው እንጂ የገባነው» አለች ሕፃን ያዘለችው። «እግዜር ያክብርልን። ጠርቶ የሚያስጠልል ሰው ዛሬ የት ይገኛል?»

ሊቀ መንበሩ ዝናቡ ውስጥ ወጥተው በሩ ፊት ቆሙ። ብዙ ቆሙ። ተከትያቸው ብወጣ፣ የስፌት ትምህርት ቤቱ በቀይ ቀለም የእጅ መዳፍ በሚያህል ፊደል የጻፈው ጽሑፍ «እንኳን ደህና መጡ፤ ይግቡ» ይላል። ሰማይ ተደፋብኝ። እሳቸውም ጽሑፉን አዩ፤ እኔን አዩ፤ በመስታወቱ ውስጥ ፎጣ እየተቀባበሉ የልጆቻቸውን ራስ የሚያደርቁትን ሰዎች አዩ። ጨዋ ሰው ይግቡ ብሎ ያስገባውን እንግዳ ውጣ አይልም። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ጨዋነትን ያመሰገንኩበት ጊዜ የለም።

ተመልሰን ስንገባ ሰዉ በየጠረጴዛው ተበትኗል። ሹፌሩ ልጆቹን ክንዱ ላይ አንሥቶ ብስክሌት የሚነዳውን ድመት ያሳያቸዋል። በመካከለኛው ጠረጴዛ ደግሞ የልጅ ልጃቸውን ሊያስከትቡ የመጡ አንዲት አሮጊት መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ አውርደው ወደ ፈረሱ አቀረቀሩ። ቀጥሎም ከት ብለው ሳቁ።

የሊቀ መንበሩ ጆሮ ሲቀላ አየሁ። ሠርጋቸው ትዝ እንዳላቸው ዐውቄያለሁ፤ ከአዳራሹ ሰው ሁሉ ያን የማውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ። ቀስ ብለው ተጠጉ።

«ምን አሳቀዎት እትዬ?»

«ይህን ፈረስ ዐውቀዋለኋ» አሉ አሮጊቷ። «ክብሪት ፋብሪካው ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ወረቀት ለጣፊ ነበርኩ። ማተሚያ ክፍል የምትሠራ ጓደኛዬ ፈረሱ የሚታተምበትን ቅርጽ ስትወለውል ከእጇ አመለጣትና ወለሉ ላይ ወደቀ። እግሩ ተሸረፈ። አለቃው ምሳ ሄዶ ነበር፤ እስኪመለስ ድረስ በሦስት እግሩ አተምነው።»

ታጣፊዎችም ረሺዎችም እየተገፋፉ መጥተው ጠረጴዛውን ከበቡ።

«ልዩ እትም አልነበረም?» አሉ ሊቀ መንበሩ።

«ልዩስ ልዩ ነበር። አለቃችን እንደዚያ ቀን ሲጮኽ ሰምቼ አላውቅም። በውስጡ ያለው እንጨትስ ጫፉ ሰማያዊ አይደል?»

ሊቀ መንበሩ ወደ ቀፎው ጎንበስ አሉ። «እርስዎ እንዴት ዐወቁ? እኔ ለማንም ከፍቼ አላሳየሁም።»

«በዚያ ሳምንት ቀዩ ቀለም ዐልቆብን ነበራ።»

ከመካከላችን አንዱ ስንት እንደታተመ ጠየቃቸው። ሁለት ካርቶን ነው አሉ፤ ለገበያ አይወጣም ተብሎ ለሠራተኞቹ እንደተከፋፈለም ነገሩን። ሊቀ መንበሩም፣ የእርስዎ ድርሻ የት ደረሰ አሏቸው።

«የት ይደርሳል ጌታው? እሳት አነደድኩበት። ባለ ሦስት እግር ፈረስም እኮ እሳት ይለኩሳል።»

አሥራ ሁለት ሰብሳቢዎች በአንድ ድምፅ አቃሰትን። የሰማን ሰው፣ ዘመድ የሞተብን ነበር የሚመስለው። ሕዝቡ መጀመሪያ ደነገጠ፤ ነገሩ ሲገባው ግን አዳራሹ በሳቅ ሞላ። እኔ የሊቀ መንበሩን ፊት ላለማየት ዐይኔን ወደ ወለሉ ጣልኩ። ያን ጊዜ ከሁሉ በላይ የሚሰማ አንድ አዲስ ሳቅ ሰማሁ። ቀና ብል እሳቸው ናቸው። «ዘጠኝ ገጽ!» ይላሉ። «አለቃው ምሳ ስለ ሄደ እኔ ዘጠኝ ገጽ!» ደግሞ ይስቃሉ። ዕንባቸውን በጓንታቸው ሲጠርጉ ጓንቱ ራሰና አውልቀው ኪሳቸው ከተቱት። እጃቸውን ያለ ጓንት ያየሁት ያን ዕለት ነው፤ እንደማንኛችንም እጅ ነው።

ሳቁ በረድ ሲል አሮጊቷን ወንበር ላይ አስቀመጧቸውና ጓደኛቸው በሕይወት እንዳለች ጠየቋቸው። አለች፤ እስከ ዛሬ ግን የዚያ ፈረስ ነገር ሲነሣ ታፍራለች አሉ አሮጊቷ።

«እንግዲያው ይዘዋት ይምጡ» አሉ ሊቀ መንበሩ። «አርባ ዓመት ያፈረችበት ነገር መስታወት ሥር በክብር መቀመጡን በዐይኗ ትየው። ሰው የሳቀበት ነገር ሁሉ አሳፋሪ አይደለም እትዬ። እኔም ዛሬ ነው የገባኝ።»

ከዚያ በኋላ ማን ይቻላቸው። ዝናቡ ካባራም በኋላ ሰዉ ልጁን እያስከተበ ይመለስ ነበር፤ እሳቸውም ከጠረጴዛ ጠረጴዛ እየዞሩ የመርከቡን፣ የወፉን፣ የመብራቷን ሴት ታሪክ ይነግሩታል። ውሃ እንኳን ሳይጠጡ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆሙ። የተሰረቀ ቀፎ የለም፤ የተነካም የለም። መስታወቱ ላይ ግን የሕፃናት አፍንጫ አሻራ ብዙ ነበር።

ሹፌሩ ሊወጣ ሲል ወደ ልጅቷ ጠጋ ብሎ ሲያነጋግራት ሰማሁ። እናቱ ትተውት የሄዱት እንደዚህ ያለ ነገር የሞላበት ሻንጣ ቤቱ አለ፤ ምን እንደሆነ ስላላወቀ በሚቀጥለው ሳምንት ሊጥለው ነበር። እሷ ክንዱን ያዝ አድርጋ፣ «እንዳይጥሉት» አለችው፤ «እባክዎ፣ እንዳይጥሉት።» ሊቀ መንበሩም ይህን ሰምተዋል።

ሰዉ ከሄደ በኋላ ጣሳውን አምጣ አሉኝ። በዕለቱ ድምፅ የሚሰጥበት ነገር አልነበረንም። «አለን፤ የሚመጣው ዓመት በር» አሉ። ለሁሉም አንድ አንድ እንጨት አደልኩ። ጣሳው ዞሮ ሲመለስ ጠረጴዛው ላይ ገለበጥኩት። አሥራ ሁለቱም ሙሉ ናቸው፤ የአሥራ አንዱ ጫፍ ቀይ ነው፤ የአንዱ ሰማያዊ። ለሊቀ መንበሩ የሰጠኋቸው ቀይ እንጨት ጠረጴዛቸው ላይ እንደተቀመጠ ነው፤ ከጎኑም የፈረሱ ቀፎ ተከፍቷል። አርባ ዓመት ሦስት የነበረው ሁለት ቀርቷል።

«መምህር፣ ጻፍ እንጂ» አሉኝ። «በሙሉ ድምፅ ተወሰነ በል።»

ይህ ከሆነ ሁለት ዓመት አልፏል። አሥራ ሁለት የነበርነው አርባ አንድ ሆነናል። የሹፌሩ እናት ሻንጣ የራሱ ጠረጴዛ አለው፤ ሹፌሩም ጓንት ገዝቷል። ቅርጹን የጣሉት እመቤት መጥተው ፈረሱን አይተው አልቅሰው ስቀው ሄደዋል፤ በዓመቱም ስድስት የጡረታ ጓደኞቻቸውን ይዘው መጡ። ከእነሱ በአንድ ቀን የሰማነውን የፋብሪካ ታሪክ እኛ በሠላሳ ዓመት ክርክር አላገኘነውም። ታጣፊዎችና ረሺዎች ሁለቱም ስለተሸነፉ አብረው ሻይ ይጠጣሉ። ስለዚህ ቴምብር የምትሰበስቡ፣ ሳንቲም የምትሰበስቡ፣ አዝራርም የምትሰበስቡ ወዳጆቼ ሆይ፣ በራችሁን ክፈቱ እላችኋለሁ። ጣቱን በመስታወት ትከላከሉታላችሁ። እናንተ የማታውቁትን የሚነግራችሁ ሰው ግን ዝናብ እስኪያስገባው አትጠብቁ።

በዘጠኙ ገጽ ፋንታ ዛሬ ከፈረሱ ሥር በሊቀ መንበሩ እጅ የተጻፈ አንድ መስመር አለ፦ «እግሩ በምሳ ሰዓት ተሰበረ» ይላል። ከጎኑ ያቺ ሰማያዊ እንጨት ተኝታለች።

በሩ አጠገብ ያለው የመጀመሪያው ጠረጴዛ የልጅቷ ነው። በላዩ ቀፎ የለም። የአባቷ ማስታወሻ እሷ የተወለደችበት ቀን ላይ ተከፍቶ ተቀምጧል፤ አጠገቡም በእርሳስ የተሠመረ፣ አንድ የክብሪት ቀፎ የሚያህል ባዶ ቦታ አለ። ሰዎች እዚህ ምን ነበር ብለው ይጠይቋታል፤ እሷም ሳትሰለች ትነግራቸዋለች። ብዙዎቹ ሰምተው ሲጨርሱ ሌላውን ሳያዩ ይሄዳሉ። መጀመሪያ ቅር ይለኝ ነበር። አሁን ግን የት እንደሚሄዱ ዐውቃለሁ፤ የአባታቸውን አልጋ ሥር ሊያዩ ነው።